በኢሜይል የሚፈጸም የ‹‹ማስገር›› ማታለያ እና የግል የገንዘብ መረጃ አጠባበቅ

‹‹ማስገር›› በመባል የሚታወቀው የማታለል ድርጊት አንድ ሰው በኢሜይል በደረሰው ሃሰተኛ መልእክት ተታልሎ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የካርዱን የሚስጥር ቁጥርና መሰል የገንዘብ መረጃዎቹን በገዛ እጁ ለአጭበርባሪ አሳልፎ እንዲሰጥ የሚደረግበት የወንጀል ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር ‹‹ፊሺንግ›› ይባላል።

ድርጊቱን ከሌሎች የኮምፒዩተር ወንጀሎች ልዩ የሚያደርገው ፈጻሚው የባንኩን ወይም የመሥሪያ ቤቱን የመረጃ ሥርዓት ሰብሮ መግባት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በሩን ከመስበር ይልቅ ባለቤቱ ቁልፉን እንዲያቀብለው ማድረግን ይመርጣል። በመሆኑም ባንኩ የቱንም ያህል ጠንካራ የጥበቃ ሥርዓት ቢዘረጋ፣ ደንበኛው መልእክቱን በሚያነብበት ቅጽበት የሚወስደው ውሳኔ የጥበቃው የመጨረሻ በር ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛውንና የሥራ ኃላፊውን በሁለት ወገን ይመለከተዋል። በአንድ ወገን ደመወዙን በባንክ የሚቀበልና ቁጠባውን በእጅ ስልኩ የሚያንቀሳቅስ ግለሰብ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በዚያው ኮምፒዩተር፣ አንዳንዴም በዚያው የይለፍ ቃል፣ የመንግሥትን ሰነድና ገንዘብ የሚያስተዳድር ባለአደራ ነው። በግል የኢሜይል ሳጥኑ የተፈጠረ ክፍተት ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመግባት መንገድ ሊከፍት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስያሜውና አመጣጡ

ቃሉ በእንግሊዝኛ ዓሣ ማጥመድ ከሚለው የተወሰደ ሲሆን፣ የመነሻ ፊደሉ ብቻ ሆን ተብሎ ተቀይሯል። በአማርኛም ‹‹ማስገር›› የሚለው ቃል ዓሣ ማጥመድን የሚያመለክት በመሆኑ ስያሜው ትርጉሙን ሳይለቅ ተላልፏል። መልእክቱ መንጠቆ፣ በውስጡ የያዘው ተስፋ ወይም ማስፈራሪያ ደግሞ ማጥመጃው ምግብ ነው።

ድርጊቱ በስፋት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነበር። በወቅቱ አሜሪካ ኦንላይን በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ደንበኞች ላይ ያነጣጠሩ አታላዮች የድርጅቱ ሠራተኞች መስለው በመቅረብ ‹‹ሂሳብዎን እናረጋግጥ›› በሚል ሰበብ የይለፍ ቃልና የክሬዲት ካርድ ቁጥር ይሰበስቡ ነበር። የባንክ አገልግሎት ወደ ኢንተርኔት እየተዛወረ ሲሄድ ማታለያውም ተከትሎ ወደ ባንክ ደንበኞች ዞረ። ይህንኑ ለመከላከል የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የፀረ ማስገር የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራውን ጀምሯል።

ድርጊቱ ከሃያ ዓመታት በኋላም አልቀነሰም። የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ለእ.ኤ.አ. 2024 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ ከ193 ሺህ በላይ አቤቱታዎች ማስገርንና የላኪን ማንነት አስመስሎ መቅረብን የሚመለከቱ ነበሩ። ይህም በዓመቱ ከቀረቡ የአቤቱታ ዓይነቶች በቁጥር የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ ነው። በዚያው ዓመት ለማዕከሉ በቀረቡ አቤቱታዎች የተመዘገበው ጠቅላላ የገንዘብ ጉዳት ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

ኢሜይል ለምን በቀላሉ ይመሰላል

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚመረምራቸውን ነገሮች ጠንቅቆ ያውቃል። ደብዳቤው ቁጥርና ቀን አለው ወይ? የተቋሙ ማኅተም አርፎበታል ወይ? የፈረመው ኃላፊ ሥልጣን አለው ወይ? በመዝገብ ቤት በኩል አልፏል ወይ? ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ደብዳቤ ወደ ላከው መሥሪያ ቤት ተመልሶ ይጣራል እንጂ ክፍያ አይፈጸምበትም።

ኢሜይል ግን ሲፈጠር እንዲህ ያለ ማኅተም አልነበረውም። በኮምፒዩተሮች መረብ አማካይነት የመጀመሪያውን ኢሜይል አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን የላኩት እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ መልእክቶች ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚተላለፉበት ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ተጽፎ ወጥቷል። በዚያ ዘመን መረቡን የሚጠቀሙት በአመዛኙ እርስ በርስ የሚተዋወቁ የምርምርና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለነበሩ፣ ደንቡ የላኪውን ማንነት የማረጋገጥ ግዴታ አላስቀመጠም። በፖስታ ጀርባ ላይ ማንም የፈለገውን የላኪ ስም መጻፍ እንደሚችል ሁሉ፣ በኢሜይልም ላይ ‹‹ከባንክዎ›› ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር።

ይህንን ክፍተት ለመድፈን ቆየት ብለው ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉ የማረጋገጫ ዘዴዎች ተዘርግተዋል። ዘዴዎቹ መልእክቱ በላኪነት ከተጠቀሰው ተቋም ፈቃድ ካለው አገልጋይ ኮምፒዩተር መነሳቱንና በመንገድ ላይ አለመለወጡን ይመረምራሉ። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት ኢሜይል የሚልኩ ተቋማት እነዚህን ዘዴዎች እንዲያሟሉ ግዴታ ጥለዋል። ሆኖም ዘዴዎቹ የሚያረጋግጡት መልእክቱ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ እንጂ የአድራሻው ባለቤት ቅን ሰው መሆኑን አይደለም። አጭበርባሪው ባንክ የሚመስል ስም በገንዘቡ አስመዝግቦ ከዚያ ቢልክ መልእክቱ ምርመራውን ሊያልፍ ይችላል።

በመልእክቱ ላይ የሚታየው የተቋም ዓርማም ማኅተም ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ዓርማ ከማንኛውም ድረ ገጽ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ተቀድቶ የሚለጠፍ ሥዕል ነው።

ማታለያው እንዴት ይፈጸማል

የማታለያውን አካሄድ በግልጽ ከሚያሳዩት አንዱ የአሜሪካና የግብፅ የፖሊስ ተቋማት በጋራ መርምረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ይፋ ያደረጉት ጉዳይ ነው። በምርመራው 53 ሰዎች በአሜሪካ፣ 47 ሰዎች ደግሞ በግብፅ ተከሰዋል። በክሱ እንደተገለጸው በግብፅ የሚገኙት ተሳታፊዎች ከባንክ የተላኩ የሚመስሉ ኢሜይሎችን ያሰራጩ ነበር። መልእክቱን አምነው ማስፈንጠሪያውን የተጫኑ ሰዎች የባንካቸውን ገጽ ወደሚመስል ሃሰተኛ ድረ ገጽ ይወሰዱና የሂሳብ ቁጥራቸውን፣ የይለፍ ቃላቸውንና ሌሎች የግል መረጃዎቻቸውን ይሞላሉ። መረጃው በእጃቸው የገባው አታላዮች የባንክ ኦፍ አሜሪካና የዌልስ ፋርጎ ባንኮች ደንበኞችን ሂሳብ ከፍተው ይገባሉ። በአሜሪካ የሚኖሩት ተባባሪዎቻቸው ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበሉ ሂሳቦች እንዲከፈቱ ያደርጋሉ፤ ከተዘረፈው ገንዘብም የተወሰነው ወደ ግብፅ ይላካል።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ቁምነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። የመጀመሪያው ባንኮቹ በቀጥታ አለመሰበራቸው ነው፤ የተከፈተው የደንበኞቹ እጅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማታለያው የሥራ ክፍፍል ያለው መሆኑ ነው። አንዱ መልእክት ይጽፋል፣ ሌላው ሃሰተኛውን ገጽ ያዘጋጃል፣ ሦስተኛው ሂሳብ ያከራያል። ‹‹ለጥቂት ቀን በሂሳብህ ገንዘብ ይግባና ድርሻህን ወስደህ ቀሪውን አስተላልፍ›› የሚል ጥያቄ የሚቀርብለት ሰውም በቅን ልቦና የረዳ ቢመስለውም የወንጀሉ አንድ ክፍል ሆኖ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

የተለመዱ ማጥመጃዎች

የመልእክቶቹ ይዘት እንደ አገሩና እንደ ወቅቱ ቢለያይም፣ ሁሉም ከሚከተሉት ስሜቶች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ያነጣጥራሉ።

አንደኛው ፍርሃት ነው። ‹‹ሂሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል››፣ ‹‹ባልታወቀ ሰው ገንዘብ ወጥቷል››፣ ‹‹የመታወቂያ ቁጥርዎን ከባንክ ሂሳብዎ ጋር ካላገናኙ አገልግሎት ይቋረጣል›› የሚሉት ይጠቀሳሉ። በእውነት በመካሄድ ላይ ያለ የምዝገባ ወይም የማደስ ሥራ ለአጭበርባሪው ምቹ ሽፋን ይሆንለታል፤ ተቀባዩ ስለ ሥራው በዜና ስለሰማ መልእክቱን አይጠራጠርምና።

ሁለተኛው ተስፋ ነው። በኢትዮጵያ ብዙዎች የሚያውቁት ምሳሌ የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪን የሚመለከተው ነው። የፕሮግራሙ ማመልከቻ ከእ.ኤ.አ. 2003 ወዲህ በኢንተርኔት ሲሞላ ቆይቷል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዕጩዎች መመረጣቸውን በኢሜይል እንደማያሳውቅ፣ አመልካቹ ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ወደ መንግሥቱ ድረ ገጽ በመግባት ውጤቱን ማየት እንዳለበት በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። ያም ሆኖ ‹‹ደርሶዎታል፤ ገንዘብ ይላኩ፤ የፓስፖርትና የባንክ መረጃዎን ይሙሉ›› የሚሉ ሃሰተኛ ኢሜይሎች መሠራጨታቸው አልቀረም።

ሦስተኛው ታዛዥነት ነው። በሥራ ኃላፊ ስም የሚጻፍ ‹‹ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ አትደውል፤ ይህን ክፍያ አሁኑኑ ፈጽም›› ዓይነት መልእክት በበታች ሠራተኛው አክብሮት ላይ የተመሠረተ ነው። ‹‹አትደውል›› የሚለው ቃል ራሱ የማጣሪያውን መንገድ ለመዝጋት የገባ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አራተኛው የሥራ ልማድ ነው። ደረሰኝ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የሥልጠና ግብዣ ወይም የሥራ ማመልከቻ የሚመስል አባሪ በየቀኑ ተመሳሳይ ሰነድ ለሚከፍት ሠራተኛ ምንም እንግዳ ነገር የለውም። አባሪው ግን የሠራተኛውን የይለፍ ቃል እየመዘገበ ለሌላ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የማይጠፋው አንድ ነገር ጥድፊያ ነው። ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› እንደሚባለው፣ አጭበርባሪው የሚፈልገው ተቀባዩ ለማሰብ የሚያስችለውን ጊዜ መንጠቅ ነው። ሕጋዊ ባንክ ወይም የመንግሥት ተቋም ደንበኛው ቅርንጫፍ ሄዶ ለመጠየቅ አንድ ሰዓት በመውሰዱ ሂሳቡን አይወርስም።

አድራሻን የማንበብ ዘዴ

የድረ ገጽ አድራሻን በትክክል ማንበብ ከመሠረታዊ መከላከያዎች አንዱ ነው። አሠራሩ በኢትዮጵያ ስም አወጣጥ ሊመሰል ይችላል። በኢትዮጵያ ልማድ የራስ ስም ከፊት፣ የአባት ስም ከኋላ ይመጣል። በድረ ገጽ አድራሻም ባለቤትነቱን የሚያመለክተው ከፊት ያለው ሳይሆን ከኋላ ያለው ስም ነው። አባት ለልጁ የፈለገውን ስም ማውጣት እንደሚችል ሁሉ፣ የአድራሻ ባለቤትም ከስሙ ፊት የፈለገውን ቃል፣ የታወቀ ባንክ ስም ጭምር፣ መጨመር ይችላል።

ስለሆነም አንባቢው በመጀመሪያ ከአድራሻው ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እዝባሮች በኋላ የሚገኘውን ነጠላ እዝባር ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ ትቶ ከእዝባሩ ወደ ግራ ያነብባል። ‹‹የባንኩ ስም ነጥብ ማረጋገጫ ነጥብ ኮም›› ተብሎ የተጻፈ አድራሻ የባንኩ ሳይሆን ‹‹ማረጋገጫ ነጥብ ኮም›› የተባለውን ስም ያስመዘገበው ሰው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ድረ ገጾች በአብዛኛው ‹‹ጎቭ ነጥብ ኢቲ›› በሚለው ቅጥያ የሚያበቁ ሲሆን፣ የተቋሙ ስም ከዚሁ ቅጥያ ጋር ሳይለያይ በስተግራ ተያይዞ መገኘት ይኖርበታል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው የፊደል መመሳሰል ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ቅርጻቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ ነው። በዓለም ፊደላት መካከል ደግሞ የዚህ ተቃራኒ አለ። በላቲንና ሩሲያ በምትጠቀምበት የሲሪል ፊደል ውስጥ ቅርጻቸው ለዓይን አንድ ሆኖ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ የሆኑ ሆሄያት ይገኛሉ። አንዱን በሌላው በመተካት ከእውነተኛው በዓይን የማይለይ አድራሻ ማስመዝገብ ተችሏል። በዚህ ምክንያት ዓይንን ብቻ ማመን አይበቃም፤ ወደ ባንክ ገጽ ለመግባት አድራሻውን ራስ መጻፍ ወይም አስቀድሞ ያስቀመጡትን መጠቀም ይመረጣል።

ከአድራሻው አጠገብ ይታይ የነበረው የቁልፍ ምልክትም ለብዙ ዓመታት የታማኝነት ማረጋገጫ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ምልክቱ የሚገልጸው ግን በኮምፒዩተሩና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈው መረጃ ለሦስተኛ ወገን በማይነበብ መልክ የተቆለፈ መሆኑን ብቻ ነው። ሃሰተኛ ድረ ገጾችም ይህንኑ በቀላሉ ያሟላሉ። ጉግል ክሮም የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፉን ምልክት በሌላ ምልክት የተካው ሰዎች ለምልክቱ የተሳሳተ ትርጉም ይሰጡ ስለነበር ነው።

ቀደም ሲል ይሰጥ የነበረው ‹‹የሰዋስው ስህተት የበዛበትን መልእክት ተጠራጠሩ›› የሚለው ምክርም አስተማማኝነቱ ቀንሷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ለሕዝብ ከቀረቡ ወዲህ ስህተት የማይታይበት ጽሑፍ በብዙ ቋንቋዎች ማዘጋጀት ቀላል ሆኗል። ስህተት ያለበት መልእክት አሁንም አጠራጣሪ ነው፤ ስህተት የሌለበት ግን በዚያ ብቻ ሊታመን አይገባም።

ዋናው መርህ፦ በሌላ መንገድ ማጣራት

ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ሁሉ ጠቃሚ ቢሆኑም አጭበርባሪዎች በየጊዜው ስለሚያሻሽሏቸው ብቻቸውን አያስተማምኑም። ጊዜ የማይሽረው መርህ አንድ ነው፤ መልእክቱ ባመጣው መንገድ አለመመለስ። ይህም ማለት በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ አለመጫን፣ በኢሜይሉ ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ አለመደወል፣ ለዚያው ኢሜይል መልስ በመስጠት ‹‹እውነት እናንተ ናችሁ?›› ብሎ አለመጠየቅ ነው። በዚያ መንገድ የሚገኘው መልስ ከራሱ ከአጭበርባሪው የሚመጣ ነውና።

ማጣራቱ መከናወን ያለበት ተቀባዩ አስቀድሞ በሚያውቀው ሌላ መንገድ ነው። በባንክ ደብተሩ ወይም በካርዱ ጀርባ ላይ ወደሚገኘው ስልክ መደወል፣ በአቅራቢያው ወዳለ ቅርንጫፍ በአካል መሄድ፣ በስሙ ክፍያ የታዘዘበትን ኃላፊ በውስጥ ስልክ ወይም በአካል ማነጋገር ይቻላል። አሠራሩ አጠራጣሪ ደብዳቤን ወደ ላከው መሥሪያ ቤት ደውሎ ከማጣራት የተለየ አይደለም።

በተጨማሪም ለማንም፣ በምንም ምክንያት የማይሰጡ መረጃዎች መኖራቸውን መገንዘብ ያሻል። የይለፍ ቃል፣ የካርድ የሚስጥር ቁጥር፣ በካርድ ጀርባ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ መለያና በአጭር የስልክ መልእክት የሚደርስ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር ከእነዚህ ይመደባሉ። ባንኩ የደንበኛውን ማንነት ለማጣራት የይለፍ ቃሉን በኢሜይል ወይም በስልክ አይጠይቅም። ጥያቄው በራሱ የማታለያ ምልክት ነው።

ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠቀም ጥበቃውን በእጅጉ ያጠናክራል። ይሁንና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ሃሰተኛው ገጽ ቁጥሩንም ጠይቆ ወዲያውኑ ወደ እውነተኛው ባንክ በማስተላለፍ ሊጠቀምበት ይችላልና። ከማስገር የተሻለ መከላከያ የሚሰጡት ከእውነተኛው አድራሻ ጋር ብቻ የሚሠሩ የደህንነት ቁልፎች ናቸው። ጉግል ከ85 ሺህ በላይ ለሆኑ ሠራተኞቹ ይህንኑ ቁልፍ ከእ.ኤ.አ. 2017 መጀመሪያ አንስቶ ግዴታ ካደረገ በኋላ፣ በ2018 በሰጠው መግለጫ በማስገር የተወሰደ የሠራተኛ የሥራ ሂሳብ አለመገኘቱን አስታውቋል። ሰው ሊታለል ቢችልም ቁልፉ ሃሰተኛውን አድራሻ ስለማያውቀው አይከፍትለትም።

ለየአገልግሎቱ የተለያየ የይለፍ ቃል መያዝም የሚዘለል አይደለም። ለግል ኢሜይል፣ ለባንክና ለመሥሪያ ቤት አንድ ቃል የሚጠቀም ሰው አንዱን ሲያጣ ሦስቱንም ያጣል። በተለይ የኢሜይሉ ቃል በጥብቅ መያዝ አለበት። የሌሎች አገልግሎቶች የይለፍ ቃል ሲረሳ አዲሱ የሚላከው ወደ ኢሜይል በመሆኑ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሰው የቀሩትን ሁሉ ሊይዝ ይችላል።

ከግል ሳጥን ወደ መንግሥት ካዝና

በአንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ኢሜይል ምን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ዘረፋ ያሳያል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ክስ እንደተመለከተው፣ ጅምሩ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ለባንኩ ሠራተኞች የተላከ ኢሜይል ነበር። ላኪው ሥራ ፈላጊ መስሎ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃውን እንዲመለከቱለት በትህትና ይጠይቃል። ማስረጃው ግን ጎጂ ፕሮግራም የያዘ ነበር።

ጥቃት ፈጻሚዎቹ በዚህ መንገድ ከገቡ በኋላ አንድ ዓመት ገደማ በድብቅ ቆይተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 መጀመሪያ ባንኩ በኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ካለው ሂሳብ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዲተላለፍ 35 የክፍያ ትዕዛዞችን አስተላለፉ። አብዛኞቹ ትዕዛዞች ሳይፈጸሙ ታገዱ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ዶላርም በተቀባዩ ድርጅት ስም ላይ በተገኘ የፊደል ስህተት ጥርጣሬ ተነስቶ ተመለሰ። 81 ሚሊዮን ዶላር ግን ወደ ፊሊፒንስ ሄዶ ከባንክ ወጥቷል። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥም በተከታዩ ወር ሥራቸውን ለቀዋል።

ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነበር። በባንግላዴሽ ዓርብና ቅዳሜ፣ በኒውዮርክ ቅዳሜና እሑድ የዕረፍት ቀናት ሲሆኑ፣ ተከታዩ ሰኞ ደግሞ በፊሊፒንስ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል ነበር። አጣሪው ወገን ደውሎ የሚያገኘው ሰው በማይኖርበት ሰዓት የሚመጣ የክፍያ ትዕዛዝ ከወትሮው የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ለዚህ ነው። የበዓል ዋዜማና የበጀት ዓመት መዝጊያ ሳምንታትም ተመሳሳይ ባሕርይ አላቸው።

የግል ኩባንያዎችም ከዚህ አላመለጡም። አንድ የሊቱዌንያ ዜጋ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ የታወቀ የእስያ የኮምፒዩተር ዕቃዎች አምራች መስሎ ለጉግልና ለፌስቡክ ሃሰተኛ ደረሰኞችን በመላክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈለው አድርጓል። ግለሰቡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በኒውዮርክ ፍርድ ቤት የአምስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በቴክኖሎጂ ቀዳሚ የሆኑ ኩባንያዎች የፋይናንስ ሠራተኞች ከታለሉ፣ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ያለ የሂሳብ ሠራተኛ ሊታለል መቻሉ ሊያስደንቅ አይገባም። ‹‹ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር›› የሚለው አባባል ለክፍያ ሥራ ተስማሚ መመሪያ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ጥበቃውን በሠራተኛው ንቃት ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይሆንም። መሥሪያ ቤቶች የሚከተሉትን ማከናወን ይኖርባቸዋል።

በመጀመሪያ ደረጃ በኢሜይል ብቻ የሚመጣ የክፍያ ትዕዛዝ ወይም የአቅራቢ ድርጅት የባንክ ሂሳብ ቁጥር ለውጥ፣ በፋይሉ ላይ ቀደም ብሎ በተመዘገበው ስልክ ተደውሎ ሳይረጋገጥና በሁለት ሠራተኞች ሳይፈረም እንዳይፈጸም በውስጥ መመሪያ መደንገግ ያስፈልጋል። መመሪያው ኃላፊውንም የሚያስገድድ ሊሆን ይገባል። ኃላፊው ራሱ ‹‹በስሜ የሚመጣን ትዕዛዝ ደውላችሁ አጣሩ›› ብሎ ሲያዝ የበታች ሠራተኛው ለማጣራት አይፈራም።

በሁለተኛ ደረጃ የሥራ ጉዳይ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል፣ የግል ጉዳይ በግል ኢሜይል እንዲካሄድ ማድረግ፣ የተቋሙ ኢሜይልም ከላይ የተጠቀሱትን የማረጋገጫ ዘዴዎች እንዲያሟላ ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሉ ጋር መሥራት ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ የተታለለ ሠራተኛ ሳይውል ሳያድር እንዲናገር የሚያበረታታ አሠራር መዘርጋት አለበት። ስህተቱን የሚያሳውቅ ሰው የሚዋረድበትና የሚቀጣበት መሥሪያ ቤት ስህተቱን የሚያውቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። በአንጻሩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተነገረ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ሊታረም ይችላል።

ተታልሎ መረጃ የሰጠ ሰው ምን ያድርግ

መረጃውን አሳልፎ የሰጠ ሰው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ በፍጥነት መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ከሁሉ አስቀድሞ ለባንኩ ደውሎ ወይም በአካል ቀርቦ ሂሳቡና ካርዱ እንዲታገድ ያደርጋል። ገንዘብ ወደ ሌላ ሂሳብ ተላልፎ ከሆነም ባንኩ ተቀባዩን ባንክ እንዲያነጋግር ይጠይቃል። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሂሳብ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ይህ እርምጃ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ ጉዳት ካልደረሰበት ሌላ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ የኢሜይሉንና የባንኩን የይለፍ ቃል ይለውጣል። በኢሜይሉ ማስተካከያ ውስጥም መልእክቶችን ወደማይታወቅ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትዕዛዝ ገብቶ እንደሆነ ይመረምራል። አጭበርባሪዎች ይህን ትዕዛዝ አስቀምጠው ስለሚሄዱ የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻውን አያስወጣቸውም።

መልእክቱን በንዴት ወይም በእፍረት ማጥፋት አይገባም። ኢሜይሉ፣ የተላከበት ሰዓትና የክፍያ ማረጋገጫው ለምርመራ ማስረጃ ስለሚሆኑ ባሉበት ሊቀመጡ ይገባል። ጉዳዩን ለመሥሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍልና ለፖሊስ ማሳወቅም ያስፈልጋል። ‹‹የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን›› በማለት በቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁ ሰዎች ሁለተኛ ዙር አታላዮች መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም።

የሕግ ማዕቀፍ

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸምን ማታለልና የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን በወንጀልነት ደንግጓል። አዋጁ በተጎጂው ላይ ብቻ አላተኮረም። አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት አካላት በሚያስተዳድሩት የኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት በአዋጁ የተመለከተ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ በሳይበር ደህንነት ላይ ኃላፊነት ለተሰጠው የመንግሥት ተቋም የማሳወቅና ለፖሊስ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በመሆኑም በመሥሪያ ቤት ውስጥ የደረሰን የማስገር ጥቃት ‹‹ስማችን እንዳይጠፋ›› በሚል ሸፍኖ ማለፍ የአስተዳደር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ግዴታን አለመወጣት ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግለሰቦችን መረጃ የሚሰበስቡና የሚይዙ አካላት መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለባቸው ደንግጓል። የሠራተኞችን የደመወዝ ዝርዝር ከነሂሳብ ቁጥራቸው በኢሜይል አባሪ ለብዙ ሰው በግልባጭ የሚልክ ክፍል ይህን አሠራሩን ሊመረምር ይገባል። አጭበርባሪ በትክክለኛ ስም፣ የሥራ መደብና ሂሳብ ቁጥር የተዘጋጀ አሳማኝ መልእክት መጻፍ የሚችለው እንዲህ ያለ ዝርዝር በእጁ ሲገባ ነውና።

በጥቅሉ የማስገር ማታለያ በመሣሪያ ብቻ የሚገታ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ ሳያጣራ ያለመቀበል የቆየ የሥራ ባህል አለው። ይህንኑ ባህል ወደ ኢሜይል ሳጥኑ በማሸጋገር፣ የገንዘብ መረጃ ለሚጠይቅ ማንኛውም መልእክት በሚያውቀው ሌላ መንገድ ሳያጣራ ምላሽ ባለመስጠት፣ የራሱን ደመወዝና ቁጠባ እንዲሁም በአደራ የተረከበውን የሕዝብ ሀብት ከጉዳት መጠበቅ ይችላል።